ግንደ ሕዋስና የጉበት ሕመም

የሚከተለው ምንባብ የገላጭ ድርሰት ምሳሌ ነው። በጥሞና አንብቡት። በምታነቡበትም ጊዜ «ተረጋግጧል»፣ «ይመስላል»፣ «ይታመናል»፣ «ሊሆን ይችላል» የሚሉት አነጋገሮች የትኞቹን ሐሳቦች ተከትለው እንደሚመጡ ልብ በሉ።

በበዓል ቀን በግ ሲታረድ ከሆድ ዕቃው መካከል ቶሎ ዓይን ውስጥ የሚገባው ጉበት ነው። ጥቁር ቀይ መልኩ፣ ልስላሴውና ክብደቱ ከሌላው ይለየዋል። የጤናማ በግ ጉበት ጠርዙ ስል፣ ገጹ ለስላሳና አንጸባራቂ ነው። ይሁን እንጂ ረግረጋማ መስክ ላይ ሲግጥ የከረመ በግ ሲታረድ አንዳንድ ጊዜ ጉበቱ ሌላ መልክ ይዞ ይገኛል። ገጹ ይሻክራል፤ ነጫጭ ጠባሳ ይታይበታል፤ ቢላዋ ሲያርፍበት እንደ ወትሮው በቀላሉ አይቆረጥም፤ ሲሰነጠቅም ከሐሞት ቱቦዎቹ ውስጥ ቅጠል የሚመስሉ ትሎች ይወጣሉ። አራጁም «ይህስ አይበላም» ብሎ ይጥለዋል። የሰው ጉበትም በልዩ ልዩ ምክንያት እንዲሁ ሊጠጥርና በጠባሳ ሊሞላ ይችላል። የበግ ጉበት ሲበላሽ ይጣላል፤ የሰው ጉበት ሲበላሽስ ምን ይደረጋል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት በመጀመሪያ የጉበትን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ጉበት ከቀኝ ጎድን አጥንት ሥር የሚገኝ፣ በአዋቂ ሰው 1.5 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን፣ ከሰውነት የውስጥ ብልቶች ሁሉ ትልቁ ነው። ከአንጀት ምግብ ተሸክሞ የሚነሣው ደም ወደ ልብ ከመድረሱ በፊት በጉበት ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ጉበትን በከተማ መግቢያ ላይ እንደ ቆመ ኬላ አድርጋችሁ ልትመለከቱት ትችላላችሁ። በኬላ ላይ ጭነት ይፈተሻል፤ ጠቃሚው ያልፋል፤ ጎጂው ይያዛል። ጉበትም ትርፍ የሆነውን ስኳር ያከማቻል፤ ሰው ሲርበውም ያከማቸውን መልሶ ለደም ያበድራል። መድኃኒትንና አልኮልን ይሰባብራል። ስብ እንዲፈጭ የሚረዳውን ሐሞት ያመነጫል። ደም በቁስል ላይ እንዲረጋ የሚያደርጉትን ንጥረ ነገሮች ይሠራል። አልቡሚን የተባለውን ፕሮቲን የሚሠራውም ጉበት ነው። አልቡሚን በደም ሥር ውስጥ ያለው ውኃ ወደ ውጭ ሰርጎ እንዳይወጣ ይዞ ያቆየዋል። ኩላሊት ሲደክም ደምን የሚያጥብ መሣሪያ ተሠርቷል፤ የጉበትን ሥራ ሁሉ ለዓመታት ተክቶ የሚሠራ መሣሪያ ግን እስካሁን የለም።

ጉበት ከሌሎች ብልቶች የሚለይበት አንድ አስደናቂ ጠባይ አለው። ይኸውም የጎደለውን መልሶ የመሙላት ችሎታው ነው። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ ታውቃላችሁ። የጉበትም ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ1931 ሂጊንስና አንደርሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከአይጦች ጉበት ሁለት ሦስተኛውን ቆርጠው አወጡ። የቀረው አንድ ሦስተኛ በአጭር ጊዜ ውስጥ አድጎ የቀድሞውን መጠን ያህል ሆነ። እዚህ ላይ የባሕር ዛፉ ምሳሌ በሁሉም ነገር የተስተካከለ አለመሆኑን አስተውሉ። በጉበት ላይ የተቆረጠው ክፍል እንደ ቅርንጫፍ ተመልሶ አይወጣም። የሚሆነው ነገር የቀረው ክፍል ሕዋሳት ለሁለት እየተከፈሉ መብዛታቸውና ጉበቱ በነበረበት መጠን መወፈሩ ነው። ዛሬ አንድ ጤናማ ሰው ከጉበቱ ከፍሎ ለታመመ ዘመዱ መስጠት የሚችለው በዚሁ ምክንያት ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ በሰጪው ዘንድ የቀረውም፣ ለተቀባዩ የተሰጠውም ያድጋል።

እንግዲህ ጉበት ይህን ያህል ኃይል ካለው ስለምን ይሞታል? መልሱ በጉዳቱ መደጋገም ላይ ነው። አንድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት ይሽራል። ጉዳቱ ለዓመታት ሳያቋርጥ ሲቀጥል ግን ጉበት ከመታደስ ይልቅ ወደ መጠገን ያዘነብላል። የተጎዳውን ቦታ ኮላጅን በተባለ ጠንካራ ክር ይደፍናል። ይህ ክር በቆዳችን ላይ ቁስል ሲድን እንደምናየው ጠባሳ ያለ ነው። ጠባሳ ቀዳዳ ይሸፍናል እንጂ ሐሞት አያመነጭም፤ አልቡሚንም አይሠራም። ጠባሳው በጉበቱ ሁሉ ተሠራጭቶ ጤናማውን ሥጋ በትናንሽ እብጠቶች ሲከፋፍለው ሐኪሞች ሕመሙን ሲሮሲስ ይሉታል።

ሲሮሲስ የያዘው ሰው ለብዙ ጊዜ ምንም ላይሰማው ይችላል። እየቆየ ሲሄድ ግን ደሙ በጠጠረው ጉበት ውስጥ ማለፍ ስለሚሳነው ወደ ኋላ ይታቆራል። ሆድ ውኃ ይቋጥራል፤ እግር ያብጣል። በምግብ መውረጃ ቱቦ ውስጥ ያሉ ደም ሥሮች ይወጠራሉ፤ ከፈነዱም በሽተኛው ደም ያስታውካል። ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናሉ፤ ይህንንም ምልክት ሕዝባችን «የወፍ በሽታ» ይለዋል። በመጨረሻም ጉበት ያላጣራው መርዝ ወደ አንጎል ደርሶ በሽተኛው ቀንና ሌሊትን እስከማይለይ ድረስ ይደናገራል። ለዚህ ደረጃ የሚያደርሱት ዋና ዋና ምክንያቶች ሄፓታይተስ ቢና ሄፓታይተስ ሲ የተባሉት ቫይረሶች፣ ለረጅም ጊዜ ብዙ አልኮል መጠጣት እንዲሁም በጉበት ውስጥ የሚከማች ስብ ናቸው። በወንዝና በሐይቅ ውኃ የሚተላለፈው ቢልሃርዝያም በጉበት ውስጥ ባሉት ደም ሥሮች ዙሪያ ጠባሳ ያስከትላል።

ጉበቱ ፈጽሞ ለደከመ ሰው እስካሁን የተረጋገጠው ፈውስ አንድ ነው፤ እርሱም የሌላ ሰው ጉበት መተከል ነው። ቶማስ ስታርዝል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ይህን ቀዶ ሕክምና በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1963 በዴንቨር ከተማ ነበር። የመጀመሪያዎቹ በሽተኞች አልዳኑም። እ.ኤ.አ. በ1967 ግን ጉበት ከተተከለላቸው በኋላ ከዓመት በላይ የኖሩ በሽተኞች ታዩ። ከዚያም ወዲህ ሕክምናው እየተሻሻለ ሄዶ የብዙ ሺህ ሰዎችን ሕይወት አድኗል። ይሁን እንጂ ሰጪው ጥቂት፣ ጠባቂው ብዙ ነው። ወጪውም ከባድ ነው። በተጨማሪም ተቀባዩ ሰውነቱ ባዕዱን ብልት እንዳይገፋ የሚያደርግ መድኃኒት በአብዛኛው ዕድሜ ልኩን መውሰድ አለበት። ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ እንዲሹ ያስገደዳቸው ይህ ችግር ነው። ከፈተሿቸውም መንገዶች አንዱ ግንደ ሕዋስ ነው።

ግንደ ሕዋስ ምንድን ነው?

ሰውነታችን ከብዙ ዓይነት ሕዋሳት የተሠራ ነው። የጉበት ሕዋስ የጉበትን፣ የነርቭ ሕዋስ የነርቭን፣ የቆዳ ሕዋስ የቆዳን ሥራ ይሠራል። እያንዳንዱ የሙያ ድርሻውን ይዟል። ከእነዚህ መካከል ግን ገና ሙያ ያልያዙ ሕዋሳት አሉ። ሁለት ችሎታዎች አሏቸው። አንደኛ፣ ራሳቸውን የመሰሉ ሕዋሳት እያፈሩ ዘመናቸውን ሁሉ ሊቆዩ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ሲከፈሉ ከልጆቻቸው ከፊሎቹ ወደ ልዩ ልዩ ሙያ ይሠማራሉ። ከአንድ ግንድ ብዙ ቅርንጫፎች እንደሚወጡ ሁሉ ከእነርሱም ብዙ ዓይነት ሕዋሳት ስለሚገኙ ግንደ ሕዋስ ተባሉ።

የዚህ ዕውቀት መሠረት የተጣለው በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ነው። ቲልና ማክከሎክ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጡት ጥናት መቅኔያቸው በጨረር ለተገደለ አይጦች የጤናማ አይጥ መቅኔ ሰጧቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ በአይጦቹ ጣፊያ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ታዩ። እያንዳንዱ እብጠት የልዩ ልዩ የደም ሕዋሳት ስብስብ ነበር፤ ቆይቶም እያንዳንዱ ከአንድ ሕዋስ የተገኘ መሆኑ ተረጋገጠ። ስለዚህ በመቅኔ ውስጥ የደም ሁሉ ግንድ የሆነ ሕዋስ መኖሩ ታወቀ። ዛሬ የደም ካንሰር የያዛቸው ብዙ ሰዎች መቅኔ ተሰጥቷቸው ይድናሉ። ይህ ተስፋ ብቻ አይደለም፤ በብዙ ዓመታት ልምድ የተረጋገጠ ሕክምና ነው።

በመቅኔ፣ በቆዳ፣ በአንጀትና በሌሎችም ብልቶች ውስጥ የሚገኙት ግንደ ሕዋሳት የአዋቂ ግንደ ሕዋሳት ይባላሉ። እዚህ ላይ «አዋቂ» የሚለው ቃል ሊያሳስታችሁ አይገባም። በሕፃን ልጅ መቅኔ ውስጥም ይገኛሉ። ስሙ የተሰጠው በማኅፀን ከሚጀምር ሽል ከሚወሰዱት ለመለየት ነው። የአዋቂ ግንደ ሕዋስ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ከራሱ ከበሽተኛው አካል ሊወሰድ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ሰውነቱ እንደ ባዕድ አይገፋውም። በዚያው መጠን ችሎታው የተወሰነ ነው። የደም ግንድ በተፈጥሮው ደም ይሆናል። ታዲያ ጉበትም ሊሆን ይችላል?

አንድ ግኝትና ያስተማረው ትምህርት

ይህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1999 ያልተጠበቀ መልስ አገኘ። በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ለሴት አይጦች የወንድ አይጥ መቅኔ ሰጥተው ጉበታቸውን ጎዱት። ቆይተው ጉበቱን ሲመረምሩ ወንድነትን የሚወስነውን ዋይ የተባለ ክሮሞሶም የያዙ የጉበት ሕዋሳት አገኙ። በሴት አካል ውስጥ ይህ ክሮሞሶም ሊገኝ የሚችለው ከመቅኔው ሰጪ በመጣ ሕዋስ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ከወንዶች መቅኔ የተቀበሉ ሴቶችንና የሴት ጉበት የተተከለላቸውን ወንዶች የጉበት ናሙና መርምረው ተመሳሳይ ነገር በሰው ላይ አዩ። በዚያው ዓመት ደግሞ ከባድ የዘር ጉድለት ኖሮባቸው በጉበት ሕመም ይሞቱ የነበሩ አይጦች የመቅኔ ግንደ ሕዋስ ተሰጥቷቸው ዳኑ። የአይጦቹ ጉበት ጎድሎበት የነበረውን ጂን ይዞ ተገኘ።

ደስታው ታላቅ ነበር። «የመቅኔ ሕዋስ የጉበት ሕዋስ ሆነ» ተባለ። ከራስ የዳሌ አጥንት ጥቂት መቅኔ ቀድቶ የታመመ ጉበትን ማደስ የሚቻልበት ቀን የቀረበ መሰለ።

ነገር ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ነገሩ ገና ያልተመረመረ ጎን ነበረው። አንድን ነገር ማየትና እንዴት እንደሆነ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሴት ጉበት ውስጥ የወንድ ክሮሞሶም መገኘቱ እውነት ነበር። ከዚህ በመነሣት «የመቅኔው ሕዋስ ተለውጦ ጉበት ሆነ» ማለት ግን ግምት እንጂ የታየ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች የዳኑትን አይጦች የጉበት ሕዋሳት በጥንቃቄ መርምረው ውጤታቸውን በአንድ ጊዜ አወጡ። በሕዋሳቱ ውስጥ የሰጪው ጂን ብቻ ሳይሆን የተቀባዩም ጂን አብሮ ተገኘ። ይህም ማለት ከመቅኔ የመጣው ሕዋስ ወደ ጉበት ሕዋስነት አልተለወጠም፤ ከታመመው የጉበት ሕዋስ ጋር ተዋሕዶ አንድ ሕዋስ ሆኗል፤ የጎደለውንም ጂን ይዞለት መጥቷል ማለት ነው።

አይጦቹ መዳናቸው አልተሻረም። የተሻረው ስለ መዳናቸው የተሰጠው ማብራሪያ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይምሰላችሁ። የእነዚያ አይጦች ጉበት የጎደለው አንድ ጂን ብቻ ነበር፤ ጠባሳ ወርሶት የነበረ ጉበት አልነበረም። ጂኑን ያገኘችው እያንዳንዷ ሕዋስ ከታመሙት ጎረቤቶቿ በልጣ ተባዛች። በሲሮሲስ የተያዘ ሰው ችግር ግን ሌላ ነው። የሚያስፈልጉት ብዙ አዳዲስ ሕዋሳትና የጠባሳው መወገድ ናቸው። ስለዚህ በእነዚያ አይጦች የሠራ ነገር በሰው ይሠራል ለማለት ሌላ ማስረጃ ማስፈለጉ ግልጽ ሆነ።

በሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች

ማስረጃው የሚገኘው በበሽተኞች ላይ በሚደረግ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በጃፓን የያማጉቺ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ሲሮሲስ ከነበረባቸው 9 ሰዎች ዳሌ 400 ሚሊ ሊትር ያህል መቅኔ ቀድተው፣ አጥበውና አጥርተው፣ በየራሳቸው ደም ሥር መለሱላቸው። ከ24 ሳምንት በኋላ በደማቸው ውስጥ ያለው አልቡሚን ጨምሮ፣ የጉበታቸው አሠራር ተሻሽሎ ተገኘ። ከባድ ጉዳትም አልታየም።

ይህን ስታነቡ «እንግዲያማ ተሳካ» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለባችሁ። ከማን ጋር ሲነጻጸሩ ነው የተሻላቸው? በዚያ ጥናት መቅኔ ያልተሰጠው የማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም። የጉበት ሕመም አንድ ጊዜ ይበረታል፤ ሌላ ጊዜ ጋብ ይላል። በጥናት ላይ ያለ በሽተኛ ከወትሮው የተሻለ ክትትል ያገኛል፤ መጠጥ ይተዋል፤ አመጋገቡን ያስተካክላል። ከእነዚህ ሁሉ የትኛው እንዳሻለው ለመለየት አንድ ዓይነት ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በዕጣ ከፍሎ ለአንዱ ወገን ሕክምናውን መስጠት፣ ለሌላው የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ማድረግና ውጤቱን ማስተያየት ያስፈልጋል።

ይህ በብሪታንያ ተደረገ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው በዚህ ጥናት ሲሮሲስ ያለባቸው 81 ሰዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። ለመጀመሪያው ቡድን የተለመደው ሕክምና ብቻ ተደረገለት። ሁለተኛው ግንደ ሕዋሳትን ከመቅኔ ወደ ደም የሚያስወጣ መድኃኒት በመርፌ ተወጋ። ሦስተኛው መድኃኒቱን ወስዶ ከደሙ የተለቀሙት ግንደ ሕዋሳት መልሰው ተሰጡት። ከሦስት ወር በኋላ በሦስቱ ቡድኖች ጉበት አሠራር ላይ ልዩነት አልታየም። እንዲያውም ከባድ የጤና መታወክ በብዛት የታየው ሕዋስ በተሰጠው ቡድን ውስጥ ነበር።

ይሁንና ነገሩ በዚህ አልተዘጋም። በመቅኔ ውስጥ ደም ከሚሆኑት ሌላ፣ አጥንትና ስብ የሚሆኑ ሜዘንካይማል የተባሉ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ የጉበት ሕዋስ በመሆን ሳይሆን፣ የሰውነትን ቁጣ የሚያበርዱ ንጥረ ነገሮችን በማመንጨት የሚረዱ ይመስላል። በቻይና አገር በሄፓታይተስ ቢ ምክንያት ጉበታቸው በድንገት በደከመ 110 ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ተስፋ የሚሰጥ ውጤት አሳይቷል። ከሌላ ሰው የተወሰዱ እንደነዚህ ያሉ ሕዋሳት ከተሰጧቸው ውስጥ ከመቶ 73ቱ እስከ 24 ሳምንት በሕይወት ሲቆዩ፣ ካልተሰጧቸው ውስጥ የቆዩት ከመቶ 56 ያህሉ ነበሩ። ይህ አበረታች ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ጥናት ውጤት በሌሎች ሐኪሞች እጅ፣ በሌሎች በሽተኞች ላይ ተደግሞ ካልታየ በስተቀር ሕክምና ሆኖ አይደነገግም። ስለሆነም ዛሬ ግንደ ሕዋስ ለሲሮሲስ በጥናት ላይ ያለ ነገር እንጂ፣ እንደ ጉበት ተከላ የተረጋገጠ ፈውስ አይደለም።

«ይፈውሳል» እና «ሊፈውስ ይችላል»

በሰዋስው ትምህርት «ይፈውሳል» የሚለውንና «ሊፈውስ ይችላል» የሚለውን ለይታችሁ ታውቃላችሁ። የመጀመሪያው ነገሩን በእርግጠኝነት ይናገራል፤ ሁለተኛው መሆንም አለመሆንም እንደሚቻል ያመለክታል። በክፍል ውስጥ ልዩነቱ የአንድ ነጥብ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ከክፍል ውጭ ግን የሰው ሕይወትና የቤተሰብ ጥሪት የሚንጠለጠልበት ጊዜ አለ።

እስቲ ይህን አስቡ። አንድ አባት በሲሮሲስ ታሟል። ልጁ በስልኩ ላይ «ግንደ ሕዋስ ጉበትን ያድሳል፤ ሐኪም ቤታችን በሦስት ቀን ይፈውሳችኋል» የሚል ማስታወቂያ ያነባል። ከሥሩም የዳነ ሰው ምስጋና ተጽፏል። ዋጋው የቤተሰቡን በሬዎችና ቤት ሽጦ እንኳ የሚሞላ አይደለም። ልጁ አባቱን ይወዳል፤ ማስታወቂያውም «ይችላል» አይልም፤ «ይፈውሳል» ይላል። እንግዲህ ይህ ወጣት እናንተ ብትሆኑ ምን ትጠይቃላችሁ?

በመጀመሪያ፣ ሕክምናው በስንት ሰዎች ላይ ተሞከረ? የአንድ ሰው ምስጋና ምስክርነት ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። ሁለተኛ፣ የተሻላቸው ሰዎች ሕክምናውን ካላገኙት ጋር ተነጻጽረዋል? ሦስተኛ፣ ውጤቱ ለምን ያህል ጊዜ ተከታትሎ ታየ? አራተኛ፣ የጎዳቸው ስንት ናቸው? ጉዳቱን ከቶ የማይናገር ሰው ሻጭ እንጂ ተመራማሪ አይደለም። አምስተኛ፣ ገንዘብ የሚከፍለው ማን ነው? በደንቡ በሚመራ ጥናት ውስጥ የሚገባ በሽተኛ ለሚሞከርበት ነገር ዋጋ ሲከፍል እምብዛም አይታይም። እነዚህን ጥያቄዎች ለሚያክመው ሐኪም አቅርቦ መማከር አባትን አለመውደድ አይደለም፤ ይልቁንም የቀረውን ጊዜና ጥሪት ከሚያባክን ሰው መጠበቅ ነው።

ተስፋ ግን ከሩቅ አገር ብቻ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ጉበት ሳይጠጥር ሊደረጉ የሚችሉና የተረጋገጡ ነገሮች አሉ። ሄፓታይተስ ቢን የሚከላከል ክትባት አለ፤ በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት ከሚሰጡት ክትባቶች ጋር አብሮ ይሰጣል። ሄፓታይተስ ሲ በሁለት ወይም በሦስት ወር ውስጥ በሚያልቅ ኪኒን ከሞላ ጎደል በሁሉም ሰው ላይ ይድናል። ሁለቱም ቫይረሶች በደም ስለሚተላለፉ ምላጭን፣ መርፌን፣ የንቅሳትንና የዋግምትን መሣሪያ በጋራ አለመጠቀም ያስፈልጋል። አረቄና ሌሎች አልኮል ያለባቸው መጠጦች ጉበትን እንደሚጎዱ ጥርጥር የለውም። ምርመራውም ከባድ አይደለም፤ ጥቂት ደም ይበቃዋል።

ከሁሉም በላይ ሊታወስ የሚገባው አንድ ነገር አለ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በመድኃኒት ለዓመታት ሲገታ በብዙ በሽተኞች ዘንድ የጉበቱ ጠባሳ ራሱ እየቀነሰ እንደሚሄድ ተረጋግጧል። ጉዳቱ ሲቆም ያ ጥንታዊ የመታደስ ኃይል፣ አቅሙ ጨርሶ ካልተሟጠጠ፣ ሥራውን ይቀጥላል። ምናልባት አንድ ቀን ግንደ ሕዋስ ለዚህ ኃይል ረዳት ይሆን ይሆናል። ከእናንተም መካከል ይህን የሚያረጋግጥ ወይም የሚያፈርስ ተመራማሪ ሊወጣ ይችላል። እስከዚያ ድረስ ግን የታወቀውን «ታውቋል»፣ የሚጠረጠረውን «ይጠረጠራል»፣ የሚጠበቀውን «ይጠበቃል» ብሎ መናገርና መጻፍ የሐኪም ብቻ ሳይሆን የማንኛውም ጸሐፊ ግዴታ ነው።

መልመጃ

1. ጸሐፊው ጉበትን ከኬላ ጋር ያመሳሰለው ስለምንድን ነው? የባሕር ዛፉ ምሳሌ ከጉበት ጋር የማይስማማውስ በምን በኩል ነው?

2. እ.ኤ.አ. በ2000 «ዳኑ» የተባሉት አይጦች እ.ኤ.አ. በ2003 መዳናቸው ሳይካድ ምን ነገር ተለወጠ? በሦስት ዓረፍተ ነገሮች ግለጹ።

3. የጃፓኑንና የብሪታንያውን ጥናት አነጻጽሩ። የትኛው ይበልጥ የሚታመን ማስረጃ ይሰጣል? ምክንያታችሁን አስረዱ።

4. የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር በምንባቡ ከቀረበው ማስረጃ ጋር እንዲስማማ አድርጋችሁ ጻፉ፦ «የመቅኔ ሕዋስ የታመመ ጉበትን ይፈውሳል።»

5. በአካባቢያችሁ «ያድናል» እየተባለ የሚነገርለትን አንድ ነገር መርጣችሁ በምንባቡ የተዘረዘሩትን አምስት ጥያቄዎች በመጠየቅ አንድ ገጽ የሚሆን ገላጭ ድርሰት ጻፉ።